ጋሽ ታደሰ የፈሩት አዲስ ቨርዥን

ስህተቱን ከሚነግረው ይልቅ የሚደብቅለትን የሚወድ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ገጥሞኛል። በዘጠናዎቹ፣ በውጭ አገር ሬክስዴል የሚባል ሰፈር፣ አንድ የመድኃኒት መጋዘን ውስጥ ፕሮግራመር ነበርኩ። አለቃዬ ጋሽ ታደሰ የመጋዘኑ ፕሮግራም የተጻፈበትን የኮምፒውተር ቋንቋ አዲስ ቨርዥን እንደ ቀበሌ ጥሪ ይፈሩት ነበር። አሮጌው የተሳሳተው መስመር ላይ እስኪደርስ ዝም ይላል፤ አዲሱ ግን ፕሮግራሙን ከማስነሳቱ በፊት ስህተቱን ይናገራል።

«አፕግሬድ ካደረግነው ዐሥር ዓመት የሠራ ፕሮግራም ይቆምብናል፤ ተወው ልጄ» አሉኝ።

እኔ ግን እየፈራሁ ሞከርኩት። አንድ ስህተት ብቻ አወጣ። ጋሽ ታደሰ መስመሩን አነበቡና ወንበር ስበው ተቀመጡ። መስመሩ እሳት ሲነሳ የመጋዘኑን ደወል የሚያስጮኸው ትእዛዝ ነበር። እስከዚያ ቀን እሳት ስላልተነሳ ደወሉ እንደማይጮህ ማንም አላወቀም።

«እታች መጋዘኑ ውስጥ ስንት ሰው ነው የሚሠራው?» አሉ ቀስ ብለው።

«ስልሳ ይሆናል» አልኳቸው።

መስመሩን ራሳቸው አስተካከሉ። ደወሉን ሞክረን እስኪጮህ ድረስ ግን ከወንበሩ አልተነሱም።