የወይዘሮ ዊልሚንክ እርሳስ

ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት የሞቱ ሰዎችን እንደ ጎረቤት የሚያማ ሰው በየከተማው አይጠፋም። ብዙ ጊዜ የላቲን መምህር ነው። እንዲህ ያለ ሰው ትናንት ምሳ ምን እንደበላ ብትጠይቁት አያስታውስም። ቄሳር ግን ራሰ በራነቱን ለመሸፈን ፀጉሩን ከኋላ ወደ ፊት ያበጥር እንደነበር፣ ማንም እንዳይሰማ ግራ ቀኝ አይቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይነግራችኋል።

የእኛዋ ክብርት ወይዘሮ ዊልሚንክ ናቸው። በኔዘርላንድ፣ ዴቬንተር ከተማ በሚገኘው ትምህርት ቤታችን ሠላሳ ስምንት ዓመት ላቲን አስተምረዋል። እኔ ቤረንት እባላለሁ፤ በር እከፍታለሁ፣ የተሰበረ ወንበር እጠግናለሁ። መጻፍ አልችልበትም፤ አንድ ገጽ ለማንበብም ከሰው እጥፍ ጊዜ ይፈጅብኛል። ከተሳሳትኩ ይቅርታ። ስለ እሳቸው ግን ዝም ማለት አቃተኝ።

ጠዋት በብስክሌት ሲደርሱ ልጆቹ በር ላይ ይጠብቋቸዋል።

"ወይዘሮ ዊልሚንክ፣ ቄሳር እንዴት አደረ?"

"እንደ ልማዱ ራሱን ሲያደንቅ! አንተስ ግሥህን አጠናህ፣ ወይስ አንተም ስታደንቅ ነው ያደርከው?"

አንድ ክረምት ማሞቂያው ተበላሽቶ ክፍላቸው በረዶ ሆነ። ካፖርታቸውን እንደለበሱ መጡና ከላዬ ቆሙ። "ቤረንት፣ ሮማውያን ያኔ ወለል ሥር እሳት እየሰደዱ ቤት ያሞቁ ነበር። አንተ በዚህ ዘመን አንዲት ክፍል አቃተችህ?" እኔም አፍሬ፣ የሮማውያን ዕዳ ያለብኝ ይመስል፣ ምሳ ሳልበላ ጠገንኩት።

ብስክሌታቸው የተሰረቀ ጊዜ ደግሞ ፖሊስ ጋ አልሄዱም። በጥንት ጊዜ ሰው ሲሰረቅ ሌባውን በብረት ላይ ጽፎ ይረግም ነበር አሉና ከእኔ ቆርቆሮ ወሰዱ። የአራተኛ ዓመት ክፍል በሙሉ፣ የሌባው አንጀት እንዲቋጠርና ጥርሱ አንድ በአንድ እንዲረግፍ፣ በንጹሕ ላቲን ጻፈ። ብስክሌት ማቆሚያው ላይ በምስማር መታሁት። በሦስተኛው ቀን ብስክሌቱ ተመለሰ፤ ጎማው ሳይቀር ተነፍቶ። "ላቲን ማንበብ የሚችል ሌባ ነው" አሉ። "እንዲህ ያለውን ሰው መቅጣት ያሳዝናል።"

አንድ ነገር ላይ ግን ቀልድ አያውቁም። ልጅ እስክሪብቶ አውጥቶ መጽሐፍ ላይ ሊጽፍ ሲል ካዩ፣ ከኮሪደሩ ማዶ ይሰማል፦ "በእርሳስ! ሰው ነህ፣ ትሳሳታለህ!"

ለላቲን ፈተና መዝገበ ቃላት ይዞ መግባት ይፈቀዳል። የእጅ ጽሑፍ ካለበት ግን፣ አንዲት ቃልም ብትሆን፣ አይገባም። ስለዚህ በዋዜማው ሁሉም ይሰበሰብና ገጽ በገጽ ይታያል። ይህን ሥራ የሰጡት ለእኔ ነው። "ሌላው ሰው ማንበብ ይጀምርና እዚያው ይጠፋል። አንተ ግን የማይገባውን ጭረት ብቻ ታያለህ" አሉኝ። በሆዴ የማፍርበትን ነገር እንደ ሙያ ቆጠሩልኝ።

ባለፈው ግንቦት ፌና የምትባል ተማሪ ያመጣችውን ስከፍት ደነገጥኩ። ከዳር እስከ ዳር በሐምራዊ እስክሪብቶ ተሞልቷል።

"የእኔ ባቡር ላይ ጠፋብኝ" አለች ፌና። "ይሄ የእናቴ ነው።"

"አውቀዋለሁ!" አሉ ወይዘሮ ዊልሚንክ። "እናትሽንም እኔ ነኝ ያስተማርኳት። በእርሳስ ብያት ነበር። ትሰማለች?"

ልጅቷ አልሳቀችም። አምና ወድቃ ዓመቱን ደግማለች። ሁለተኛ ከወደቀች ትምህርት ቤታችን ሦስተኛ ዕድል የለውም። መዝገበ ቃላት ሳይኖር ደግሞ ያንን ፈተና ማለፍ፣ ያለ መቅዘፊያ የአይሴልን ወንዝ መሻገር ነው። የትምህርት ቤቱን ትርፍ መዝገበ ቃላት ሌሎች ልጆች ወስደዋል። መጽሐፍ መደብሩ ለማስመጣት ሦስት ቀን ይፈጃል አለ። ጎረቤት ትምህርት ቤትም በዚያው ጠዋት ይፈተናል።

ወይዘሮ ዊልሚንክ መሳቢያቸውን ከፈቱ። የራሳቸውን መዝገበ ቃላት አወጡ። ጠርዙ ተበልቷል፤ ገጹ ሁሉ በእርሳስ ጠቁሯል። "አንቺ ቤትሽ ግቢና ቀደም ብለሽ ተኚ" አሏት። ለእኔ ላጲስ ወረወሩልኝ።

ከስምንት ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት አጠፋን። እሳቸው ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ነገሩ ላቲን ብቻ መስሎኝ ነበር፤ አልነበረም። በየቃሉ ዳር ሰው አለ። "ፒም ይህችን ቃል በመጨረሻ አወቃት፤ ክፍሉ አጨበጨበ።" "በረዶ። አምስት ልጆች ብቻ መጡ። ደስ የሚል ቀን።" እኔ ቀስ ብዬ ስለማነብ እጄ እየቆመ አስቸገረኝ።

"ቤረንት፣ አታንብብ፤ አጥፋ።"

"ወይዘሮ፣ ይቺን አንዷን ብቻ እንተዋት?"

"ነገ ፈታኙ የሚያገኘው ያቺኑ አንዷን ነው። አጥፋ!" የላጲሱን ፍርፋሪ እፍ አሉ። "ዕድሜ ልኬን በእርሳስ ስል የኖርኩት ለዚህች ቀን ሳይሆን አይቀርም።" ከዚያ አፍንጫቸውን ተናፈጡ። እኔ መስኮቱን አየሁ።

በሰኔ፣ እዚህ አገር ልጅ ፈተና ሲያልፍ እንደሚደረገው፣ በፌና ቤት ባንዲራ ወጣ፤ ከእንጨቱ ጫፍ ላይ አሮጌ ቦርሳዋ ተንጠልጥሏል። አልፋለች። መዝገበ ቃላቱን ስትመልስ ገጹ ነጭ ነበር።

ያን ቀን እርሳስ ቀርጬ ወሰድኩላቸው። ከዚያ ካጠፋነው ውስጥ የፒምን ነገርኳቸው። የበረዶውንም። ቀስ ብሎ የሚያነብ ሰው አይረሳም፤ አሥራ አንዱን አስታወስኩ። እሳቸውም በየቦታው፣ በእርሳስ መልሰው ጻፉ።

ስጨርስ እጃቸውን ዘረጉ። "እቃ ሲመጣ የምትፈርምበትን እስክሪብቶ ስጠኝ።" በር ጠባቂ የሚለውን የላቲን ቃል ፈልገው አገኙና ዳሩ ላይ ጻፉ። ስሜ ነው። ወዲያው አነበብኩት።

"ወይዘሮ! በእስክሪብቶ እኮ ነው! ከእንግዲህ ለፈተና አይገባም!"

"አይግባ" አሉና ክዳኑን ገጠሙት። "እዚህች ላይ አልተሳሳትኩም።"