ጋሽ ቆይና የባዝራዋ ጅማት

በየመሥሪያ ቤቱ አንድ «ቆይ እስቲ» የሚል ሰው አይጠፋም። ሁሉም ተስማምቶ፣ ፊርማው አርፎ፣ ሰው ኮቱን ሊያነሳ ሲል እሱ ብቻ ይቀራል። እንዲህ ያለ ሰው ያልገጠመው ካለ ገና ሥራ አልጀመረም ማለት ነው።

የእኛው ክቡር ባልደራስ ጋሽ ቆይ ናቸው፤ በፈረስ ማሠልጠኛችን ያሉትን የውድድር ፈረሶች ሁሉ የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው። እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ፣ ዲግሪዬ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። የጋሽ ቆይ ዲግሪ የቀኝ እጃቸው ጀርባ ነው። ማለዳ ከመኖ በፊት በየጋጣው ገብተው ያጎነብሳሉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ከጉልበት በታች ያለው ጅማት ሞቆ እንደሆነ ይዳስሳሉ፤ የሞቀ ጅማት የተጎዳ ነውና። ግራውን፣ ቀኙን፣ እንደገና ግራውን። በለጋ ፈረሶች ላይማ ቀልድ አያውቁም። «ልቡ ደርሷል፣ ጅማቱ ገና ነው» ይላሉ። አንድ እንግዳ ሊጨብጣቸው እጁን ቢሰጣቸው ጥቂት ይዘው ቆዩና ሩጫ ቀነስ እንዲያደርግ መከሩት።

መጀመሪያ ሰሞን ደሜን ያፈሉት ነበር።

አምና አንዲት የሦስት ዓመት ባዝራ ለእሁድ ውድድር ተዘጋጀች። ዓርብ ከልምምድ እንደተመለሰች መረመርኳት፤ እግሯ ቀዝቃዛ፣ እርምጃዋ የተስተካከለ። «ብቁ ናት» ብዬ ፈረምኩ። ቅዳሜ ማለዳ ጋሽ ቆይ ቢሮዬ በር ላይ ቆሙ።

«ቆይ እስቲ ዶክተር። ግራዋ ሞቋል።»

ትናንት ራሴ እንዳየኋት ነገርኳቸው። በትሕትና ነገርኳቸው ብል ውሸት ይሆንብኛል።

«ከማየትህ በፊት ጋላቢው አጥቧት ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ቀዝቃዛ ውሃ የፈሰሰበት እግር ምን ይነግርሃል?»

ሄጄ ዳሰስኩ። ሞቋል። ጅማቱም መሃሉ ላይ አበጥ ብሏል፣ ከቀኙ ጋር ካላስተያዩት የማይለይ ያህል። በአልትራሳውንድ ስናየው ክሮቹ መላላት ጀምረዋል። እሁድ በሙሉ ኃይሏ ብትሮጥ ኖሮ ሜዳው መሃል ጅማቷ ተበጥሶ ከነጋላቢዋ ትወድቅ ነበር፣ ያውም በእኔ ፊርማ። ፊርማዬን ሰርዤ ከውድድሩ አስወጣኋት።

እኩለ ቀን ላይ የባዝራዋ ባለንብረት የሆነችው ወይዘሮ መጣች። ፊቷ ጠቁሯል። ትናንት ብቁ የተባለች ፈረስ ዛሬ ለምን እንደቀረች፣ ማን እንዳስቀራት ጠየቀች። ጥፋቴን ልናዘዝ አፌን ስከፍት ጋሽ ቆይ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቀደሙኝ።

«ዶክተር ናቸው» አሉ። «አላምን ብለው ዛሬ ደግመው አዩዋት። እኔ ምንም አልታወቀኝም።»

ወይዘሮዋ እጄን ይዛ አመሰገነችኝ። ጋሽ ቆይ ወደ ጋጣው ተመልሰው የባዝራዋን እግር ይጠቀልሉ ጀመር።

ባዝራዋ አሥር ወር አርፋ ዳነች፣ አሁን ትሮጣለች። እኔም ሽማግሌውን እንደ አባቴ እወዳቸዋለሁ። ስለ ፈረስ እግር ሲዋሹ የሰማኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።