ሁለተኛው ጥያቄ

ትምህርትን ያገባ ሰው አግብታችሁ ታውቃላችሁ? እኔን ጠይቁኝ። ባሌ የጤና ፖሊሲ ሁለተኛ ዲግሪ ሊማር ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ፣ አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ ስለ አገር ጤና እንቅልፍ የለውም። አገሩ ውስጥ እኔም እንዳለሁ ማን በነገረልኝ!

ክረምት ላይ ለጥናቱ ወደ ቤት መጣ። ጎረቤታችንን ጋሽ ደስታን «ጤናዎ እንዴት ነው?» አላቸው። ሽማግሌውን ሳል ሲያንፈራፍራቸው ዶሮዎቹ በረገጉ፣ ውሻው ቤቱን ጥሎ ወጣ። ትንፋሽ ሲያገኙ «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» አሉ። ባሌም «በጣም ጥሩ» ብሎ መዘገበ። መንዜው ሁሉ እንዲሁ ስለመለሰለት፣ በጥናቱ መሠረት ሐኪም የሚያስፈልገው እሱ ብቻ ሆነ።

ኋላ ግን ነቃ። «የእኛ ሰው መጀመሪያ ፈጣሪውን ያመሰግናል፤ ሕመሙን የሚናገረው ደግመው ሲጠይቁት ነው» ብሎ እንደ ትልቅ ግኝት ነገረኝ። ዞሮ ሁሉንም ደግሞ ጠየቀ። ጋሽ ደስታማ ከሳላቸው አልፈው የጉልበታቸውን ቁርጥማት እስኪመሽ አወሩለት።

ትናንት ከአዲስ አበባ ደወለ።

«እንዴት ነሽ?» አለኝ።

«ተመስገን፣ ደህና ነኝ» አልኩትና ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ሁለተኛውን ጥያቄ ጠበቅሁ።

«ጎሽ!» ብሎ ዘጋው።