የካርቶን አዞ የሠራኝ ጉድ

ሰዎች፣ ዛሬ የወደፊት አማቴን ጭቃ ውስጥ ገፍትሬ ሮጥኩ!

አዎ፣ ገፍትሬ። ያውም በነጭ ሸሚዛቸው።

ቆይ፣ ሳትፈርዱብኝ ከሥሩ ልንገራችሁ።

የምታውቁኝ ታውቃላችሁ፣ እኔ የርካሽ ሆረር ኮሜዲ ሱሰኛ ነኝ። በተለይ ገዳይ እንስሳ ካለበት አልችልም። ገዳይ ፍየል፣ ገዳይ ዶሮ፣ መንደር የጨረሰ ጥንቸል... ከሁሉም ግን አዞ! አዞው ካርቶን መሆኑ ሲያስታውቅ፣ ውስጡ ያለው ሰውዬ ስኒከር ከሆዱ ሥር ብቅ ሲል፣ በቃ ሰርጌ ነው።

ለምን እንደምወዳቸው ግን ለራሴም አይገባኝም። ብር የፈሰሰበት ፊልም ላይ አዞው እውነት ሲመስል እፈራና እዘጋዋለሁ። ርካሹን ግን እየሳቅኩም እየፈራሁም እጨርሰዋለሁ። ካርቶን እንዴት ያስፈራል? እስቲ የገባችሁ አስረዱኝ።

ብቻ ሳምንቱን ሙሉ የአዞ ፊልም ሳይ ሰነበትኩ።

ዛሬ ደግሞ እጮኛዬ በረከት ከአባቱ ጋር ሊያስተዋውቀኝ ከሴቻ ሰፈር ወደ አባያ ሐይቅ ዳር ይዞኝ ወረደ። አባቱ እዚያ ሙዝ ያለማሉ። እሳቸው እሺ ካላሉ ቤተሰቦቼ ዘንድ ሽማግሌ አይላክም። በረከት መንገዱን ሙሉ «አባቴ ቁም ነገረኛ ሰው ነው የሚወደው» ሲለኝ መጣ። ስለ ፊልሞቹ ትንፍሽ እንዳትይ ማለቱ ነው።

ትንፍሽ አላልኩም! አንገቴን ደፍቼ፣ የሰጡኝን በልቼ፣ ጨዋ ሆኜ ዋልኩ።

ከምሳ በኋላ ሰውየው እርሻውን ላሳይሽ አሉኝ። ሙዙን አልፈን ወደ ውሃው ስንጠጋ አንድ እግሬን ጭቃው ዋጠው። ብጎትት፣ ብጎትት፣ አልወጣ አለ።

እሳቸው ከኋላዬ ነበሩ። አፋቸውን የፈቱት በጋሞኛ ነው። አማርኛ ሲናገሩ አይዞህ፣ አይዞሽ ብሎ ነገር የለም፤ ለወንዱም ለሴቱም «አይዞ» ነው። እኔ ይህን በምን አውቄ!

«አይዞ!» አሉኝ ጮክ ብለው።

እኔ የሰማሁት «አዞ!» ነው።

እናንተ ብትሆኑስ? ሐይቅ ዳር፣ እግራችሁ ተይዞ፣ ምን ትሰሙ ነበር?

ጫማዬን ለጭቃው ትቼ ተፈናጠርኩ። እሳቸው ሊያወጡኝ እጃቸውን ዘርግተው እየመጡ ነበር። መንገዴ ላይ ስለነበሩ ገፈተርኳቸው፣ ጭቃው ላይ ዘጭ አሉ። እኔማ «አዞ በላቸው!» እያልኩ በሙዙ መሃል በረርኩ። ጎረቤቱ ገጀራ ይዞ ወጣ።

ከሁሉ ያሳፈረኝ ምን መሰላችሁ? ፊልም ላይ ሁሌ የምስቀው ጓደኛውን ገፍቶ በሚሮጠው ሰውዬ ነው። ለካ እኔው ነኝ።

አማቴ በጭቃ ተለውሰው መጡ። የበረከት ፊት አመድ መስሏል። ምን ነካሽ ሲሉኝ ውሸት አልመጣልኝም፤ ካርቶኑንም ስኒከሩንም አንድ ሳላስቀር ተናዘዝኩ።

ከሸሚዛቸው ላይ ጭቃውን መጥረግ ያዙ። እኔ በልቤ በረከትን ተሰናበትኩት። አለቀስኩም፣ እውነቴን ነው።

ከዚያ ግን «አዞው መጀመሪያ የሚበላው ማንን ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

«የሚሮጠውን ነው፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው እኔን አይነካኝም» አሉና ፊልሙን ካላየሁ ስለ ሽማግሌው መልስ አልሰጥም አሉ።

ይኸው አሁን በረንዳው ላይ በበረከት ስልክ እያዩ ነው። እኔ በባዶ እግሬ ጥግ ይዤ ይህን እጽፍላችኋለሁ። ዕድሜያቸውን በሙሉ ከእውነተኛ አዞ ጋር የተጎራበቱ ሰው የካርቶኑ ሲመጣ እግራቸውን ወንበሩ ላይ ሰበሰቡ! እስካሁን ግን አልሳቁም።

አሁን ገና አለቀ።

«ሌላ የለም?» አሉኝ።

በረከት ይሄ እሺ ማለት ነው ይላል። እኔ እንጃ። ለማንኛውም ኔትወርኩ ቀስ እያለ ነው። ባል ለማግባት የገዳይ ጉማሬ ፊልም ዳውንሎድ የምታደርግ ከእኔ ሌላ አለች?