በስድስት ዓመቴ የሰከርኩ ዕለት

ሰው በዕድሜው አንድ ጊዜ በደንብ መስከር አለበት ባይ ነኝ! አትቆጡኝ… መጀመሪያ ስሙኝና ከዚያ ፍረዱ። እኔ የምለው፣ ሰው መስከሩ ካልቀረለት ቶሎ ይስከርና ይገላገል ነው። እኔን ተመልከቱኝ። ፀጉሬ ሸብቶ፣ የልጅ ልጅ አቅፌ፣ ሠርግ ቤት ብርሌ ሲዞር «በቃኝ» ብዬ እጄን ስከድንበት፣ ሰው ሁሉ «እንዴት ያሉ ጨዋ ሴት ናቸው» ይላል። ጨዋነት እንዳይመስላችሁ። ድርሻዬን በስድስት ዓመቴ ጨርሼ ነው።

የማወጋችሁን ግማሹን አስታውሰዋለሁ፤ ግማሹን የነገረችኝ እናቴ ናት። የቱ የእኔ፣ የቱ የእሷ እንደሆነ ግን አትጠይቁኝ። ሰክሬ ነበር እያልኳችሁ እኮ ነው!

ጊዜው የጣሊያን ጊዜ ነው፤ አገሩ ሸዋ ሮቢት። ያኔ ሮቢት ማለት መንገድ ዳር የተኮለኮሉ ቤቶች፣ ሙቀትና አቧራ ነበር። ከደብረ ሲና ቁልቁለቱን የወረደ ካሚዮን ሁሉ ሞተሩን ሊያበርድ እዚያ ይቆማል፤ የካሚዮኑ ሰው ደግሞ ሆዱን ሊሞላ እትዬ ብርቄ ቤት ይገባል። እትዬ ብርቄ ምግብ ቤት የነበራቸው፣ ሲናገሩ የሚቆጡ፣ ሲቆጡ ደግሞ ጎረቤት የሚሰበሰብላቸው ሴት ነበሩ። እናቴ ወጥ ትሠራላቸዋለች። የእኔ ሥራ መብላት ነበር፤ በሥራዬም ማንም ቅር ተሰኝቶብኝ አያውቅም።

ይፋትን እንግዲህ ታውቁታላችሁ። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ አጥር የሚኖርበት አገር ነው። ምግብ ቤት የከፈተ ሰው ሁለቱንም ማስተናገድ አለበት። ሥጋው የክርስቲያን ከሆነ ለሙስሊሙ ሽሮ ይቀርብለታል፤ ክርስቲያኑ ጠጅ ሲቀዳለት ሙስሊሙ ብርዝ ይቀዳለታል። ብርዝ ያው ማር በውሃ ተበጥብጦ ሳይብላላ የሚጠጣው ነው፤ ልጅም ይጠጣዋል፣ መልኩ ግን ከጠጅ አይለይም። ስለዚህ እትዬ ብርቄ የብርዙን እንስራ አፍ በአረንጓዴ ጨርቅ፣ የጠጁን በነጭ ጨርቅ ያስሩ ነበር። ያ አረንጓዴ ጨርቅ በሮቢት የታመነ ነው። ከአሊዩ አምባ የመጣ ነጋዴ እንኳን እሱን ካየ ሳይጠይቅ ይጠጣል።

ታዲያ የኬላው አዛዥ፣ ጢሙ የተሾለ አንድ ጣሊያን፣ የመንገድ ሠራተኛው እየሰከረ አስቸገረኝ ብሎ ጠጅ መሸጥ ከለከለ። እትዬ ብርቄ ጠጅ ቤታቸው እንደማይገባ በመስቀል ማሉ። ነጩ ጨርቅ የታሰረበት እንስራ ወደ ጓዳ ጥግ ገባ እንጂ ባዶ ሆኖ ያደረበት ቀን አልነበረም። ጣሊያኑ እየመጣ ያሸታል። የሚያሸተው ግን ሌላ ሌላውን ነው፤ አረንጓዴ ጨርቅ ያለበትን አይነካም። ሙስሊሙን እንዳታስቀይሙ የሚል ትእዛዝ ከበላይ ነበረባቸዋ!

አሁን ወደ ቤተሰቤ ልግባ። አባቴ አርበኛ ነው፤ ከሮቢት በላይ ካለው ገደል ከጓደኞቹ ጋር ነበር። እናቴ ግን «ባሌ በንዳድ ሞተ» ብላ ጥቁር ለብሳ፣ አልቅሳ፣ እዝን ሁሉ በልታለች። እኔም «አባትሽስ?» ስባል «ሞቷል» እንድል ተገርቼአለሁ። ምን ይሆናል… ውሸቱን ሰማይ ሰምቶት ኖሮ አባቴን የምር ንዳድ ያዘው። እናቴ ይህን የሰማች ዕለት ገደልኩት ብላ አልቅሳለች፤ ያ ለቅሶዋ እንደ ፊተኛው የይስሙላ አልነበረም። ኪኒን ካልደረሰለት እንደማይተርፍ ተላከባት። እሷም ከካሚዮን ሰዎች ለምና ለምና ጥቂት ኪኒን አገኘች። ኪኒኑን ሊወስድ የወረደው የአባቴ ታናሽ ወንድም ጋሼ ተሰማ ነው።

ጋሼ ተሰማ የመጣው ሙስሊም ነጋዴ መስሎ ነው። ሽርጡን ያዋሱት፣ ሰላምታውንም ያስጠኑት አንድ ሙስሊም ጎረቤታችን ናቸው፤ ያን ያደረጉት አንገታቸውን አስይዘው ነው፣ እግዜር ይስጣቸው። ጥምጥሙ የእናቴ ነጠላ ነው፤ ጥቁር ለባሽ ስለነበረች ነጠላዋ ሥራ ፈቶ ተቀምጧል። እናቴ ኪኒኑን በጨርቅ ቋጥራ ከጥምጥሙ እጥፋት ውስጥ ከተተችለት። የአባቴ ነፍስ እንግዲህ ጋሼ ተሰማ ራስ ላይ ተጠምጥማ ተቀመጠች ማለት ነው።

ወዲያው ቢሄድ ጥሩ ነበር። ግን በእኩለ ቀን፣ በዚያ ሐሩር፣ ምግብ ቤት ገብቶ ሳይበላ የሚወጣ ነጋዴ ያስጠረጥራል። ተቀመጠ። ወራት ሙሉ ቆሎ ሲቆረጥም የከረመ ሰው፣ አፍንጫው ሥር ጥብስ እየተንጨረጨረ፣ ሽሮ ቀረበለት። ሙስሊም ነዋ! እናቴ እንደነገረችኝ ጥብሱን ሲያይ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

በዚህ መሃል እትዬ ብርቄ ወደ ውጭ ብቅ ሲሉ ጣሊያኑና አስተርጓሚው ወደ ግቢው ሲመጡ አዩ። ዘለው ጓዳ ገቡና ጨርቆቹን ቀያየሩ። አረንጓዴው ጠጁ ላይ፣ ነጩ ብርዙ ላይ! ጣሊያኑ ነጩን ያሸታል፣ ብርዝ ሆኖ ያገኘዋል፣ ምስጋና ለእሳቸው፣ ውርደት ለጠቋሚ። ብልሃቱ ይኸው ነው። ለእናቴ ግን ለመንገር ጊዜ አልነበራቸውም፤ እንግዶቹን ሊያዘገዩ ሮጠው ወጡ። ዶሮ አሳዩአቸው፣ ፍየል አሳዩአቸው፣ የጎረቤት አጥር ገፋብኝ ብለው ክስ እንኳ አቀረቡላቸው።

እናቴ ከማጀት መጣች። ወንድም የምትለው ሰው ሽሮ አንቆት ተቀምጧል። ከአረንጓዴው ቀዳችለት፣ ለእኔም በጣሳ ሞላችልኝ። የገዛ እናቴ! በገዛ እጇ!

ጋሼ ተሰማ አንድ ጊዜ ጎንጨት አለና… ቆመ። ብርሌውን አየው። እናቴን አያት። ደግሞ ብርሌውን አየው። ያኔ ምን እንዳሰበ ኋላ ነግሮናል። ሙስሊም ነኝ ብሎ ሥጋ በተከለከለበት ቤት፣ እግዚአብሔር ራሱ ጠጅ ቀድቶ ካሰው። ማን ቢሆን ነው የሚናገር? ጭጭ አለ፣ ጨለጠው፣ ፊቱን ኮስተር አድርጎ «ብርዝ ድገሚኝ» አላት። ደገመችው። እኔም ጣሳዬን ዘረጋሁ። እንዲያ ያለ ብርዝ ቀምሼ አላውቅማ! መጀመሪያ ይጣፍጣል፣ ቀጥሎ ይሞቃል፣ ከዚያ የቤቱ ምሰሶ ሰላም ይልሻል።

ጣሊያኑና አስተርጓሚው በመጨረሻ ገቡ። ነጩን ጨርቅ ፈቱ፣ አሸተቱ፣ ብርዝ ነው። እትዬ ብርቄ የተገፋ ሰው ፊት አሳዩ። እንግዶቹም ተደስተው ዶሮ ሊበሉ ተቀመጡ። እንዲህ ሆኖ ቢያልቅ ኖሮ ዛሬ የማወራው ባጣሁ ነበር። እኔ ግን በዚያች ሰዓት ዓለምን በጣም ወደድኳት። ምሰሶውን አቅፌ ሳምኩት። ደፍ ላይ ለቆመችው ፍየል እጅ ነሳሁ። ከዚያ ተወላግጄ ሄጄ ጣሊያኑ ጉልበት ላይ ወጣሁና፣ ጢሙን ይዤ፣ አገርህ አትሄድም ወይ፣ እናትህስ አትናፍቅህም ወይ ብዬ ጠየቅኩት። አስተርጓሚው ምን ብሎ እንደተረጎመለት እንጃ፤ ጣሊያኑ ግን ፈገግ ብሎ ጉንጬን ነካ ነካ አደረገኝ። እናቴ አሁንም ብርዝ የጠጣሁ መስሏት፣ ይቺ ልጅ ምን ነካት እያለች ትቁለጨለጫለች።

እዚህ ላይ ዘወር ስል ጥግ የተቀመጠውን ነጋዴ አየሁት።

«ጋሼ ተሰማ!» አልኩ።

አስተርጓሚው ቁራሹን እጁ ላይ እንደያዘ ቀረ። «ማነው ጋሼ ተሰማ?»

«አጎቴ ነዋ። ጥምጥሙ የእማዬ ነጠላ ነው። አባቴም አልሞተም፤ ንዳድ ይዞት ገደል ውስጥ ተኝቷል።»

ዝንቡ እንኳ ያረፈ መሰለኝ። ይባስ ብዬ ሄጄ ጋሼ ተሰማ ትከሻ ላይ ተንጠላጠልኩና የነጠላውን ጫፍ መጎተት ጀመርኩ። በአንድ እጁ ብርሌውን፣ በሌላው ጥምጥሙን ይዞ፣ ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። እናቴ ጭልፋዋን እንደያዘች ደርቃለች። ጣሊያኑ፣ ልጅቷ ምን አለች ብሎ በቋንቋው አስተርጓሚውን ጠየቀው።

ያን ጊዜ እትዬ ብርቄ ነገሩ ገባቸው። ዓይኔን አዩት፣ ጣሳዬን አዩት፣ አረንጓዴውን ጨርቅ አዩት።

«ልጅቷ ሰክራለች» አሉ።

«በምን ትሰክራለች?» አለ አስተርጓሚው። «ጠጅ ቤቴ አይገባም ብለሽ በመስቀል ምለሽ አልነበር?»

እንግዲህ ፍረዱ፣ እናንተ ብትሆኑስ ምን ታደርጉ ነበር? ልጅቷ ካልሰከረች ያለችው ሁሉ እውነት ነው፤ ጋሼ ተሰማ ይሰቀላል፣ አባቴም ኪኒኑን ሳያይ ይሞታል። ልጅቷ ከሰከረች ደግሞ ጠጅ አለ ማለት ነው፤ የእትዬ ብርቄ ቤት ይዘጋል። ያ ቤት ደግሞ ያላቸው ነገር ሁሉ ነው፤ ባል የላቸው፣ ልጅ የላቸው። እናቴ እስከምትሞት ድረስ ይህን ቦታ ስታወራ ድምፅዋ ይሰበር ነበር።

እትዬ ብርቄ መቀነታቸውን ጠበቅ አደረጉ።

«አለኝ» አሉ። «ያውም ጉሽ እንዳይመስልህ። የጠራ ጠጅ ነው።»

አረንጓዴውን ጨርቅ ራሳቸው ፈቱት። ጣሊያኑ አሸተተ። ቀመሰ። ማስረጃው በቂ አልሆነለት ይመስል ደግሞ ቀመሰ። ከዚያ እኔን አይቶ ሆዱን ይዞ ሳቀ። አስተርጓሚውም ሳቀ፤ ሙት የሚያስነሳ፣ ከምሰሶ ጋር የሚሳሳም ሰካራም ያወራውን ማን ይተረጉማል? ተገላገልን ስንል ግን አስተርጓሚው ሳቁን ገታ አደረገና ወደ ጥጉ ዞረ።

«ሼህ፣ እርስዎም እኮ ከዚሁ ሲጠጡ ነበር» አለ።

አያችሁልኝ? እውነተኛ ሙስሊም ቢሆን በመጀመሪያዋ ጉንጭ ይጮህ ነበር። ጋሼ ተሰማ ግን ብርሌ በብርሌ ላይ ደራርቧል! ያውም በዚያች ሰዓት፣ መያዜ ካልቀረ ብሎ፣ የቀረችውን ተጎንጭቶ አፉን ሞልቶ ነበር። ሁሉም ያየዋል። ጉንጩ ተነፍቷል። መዋጥ ሞት ነው። መትፋት ደግሞ… ጠጅ ነው!

ተፋው። አቤት አተፋፉ! መደቡን አራሰው። ብርሌውን ወርውሮ ከግድግዳ ጋር አጋጨው፣ ከመቀመጫው ተነስቶ ጮኸ። የባልቴት ቤት አምኜ ገብቼ፣ ልጅም የሚጠጣው ብርዝ ነው ብዬ፣ ጠጅ አጠጣችኝ ብሎ አገር ይያዝልኝ አለ። ብርዝ ጎምዝዞ ነው ብዬ ችዬ ዝም ብል እንዲህ ትሠራኛለች አለ። በንዴት መሃል ሙስሊም መሆኑን የሚያስረግጥ ቃል ፈለገ፤ ጎረቤታችን ካስጠኑት ውስጥ አፉ ላይ የመጣለት ደግሞ አንድ ብቻ ነበር።

«ጠጅ አጠጣችኝ! አልሐምዱሊላህ!»

ልቡ ያመሰግን ነበርና ምን ያድርግ! አስተርጓሚው ክርስቲያን ነውና የቁጣ ቃል መሰለው። ጣሊያኑ ደነገጠ። ሙስሊሙን አታስቀይሙ የተባለው ሰው፣ በፊቱ ሙስሊም ተቀይሞ መንደር እያስጮኸ ነው። ኮፍያውን አውልቆ ይቅርታ ጠየቀ፣ ሴትየዋን እንደሚቀጣለት በአስተርጓሚ ቃል ገባለት፣ እስከ መንገዱም ራሱ ሸኘው። ጋሼ ተሰማ ጥምጥሙን እንዳጠለቀ፣ እየተራገመ፣ ፍጥነቱን ሳይጨምር ሳይቀንስ ወደ ዳገቱ ነጎደ።

ከዚያ ወዲያ እኔ የለሁም፤ ጣሊያኑ ቦት ጫማ አጠገብ ተኝቼ አንኮራፋሁ። የእትዬ ብርቄ ቤት ታሸገ። እንስራው ለማስረጃ ተብሎ ወደ ኬላው ተወሰደ፤ የዚያኑ ሌሊት ማስረጃውን ጠጥተውት አደሩ። አባቴ ኪኒኑን ውጦ ነፍስ ዘራ። እትዬ ብርቄም ጣሊያን እስኪወጣ ድረስ ቤታቸው እንደታሸገ ከእኛ ጋር ኖሩ፤ እናቴ እህል ስታቀርብላቸው ቀድማ አትቀምስም ነበር።

ነጻነት ከሆነ በኋላ ያ ቤት ተከፈተ። አርበኞቹ ሁሉ ተሰበሰቡበት። ጥብስ ቀረበ፣ ብርሌ ዞረ፣ ሰው ሁሉ ቁስሉን እየገለጠ ያወራል። አንዱ የጥይት ጠባሳ ያሳያል፣ አንዱ ስለ ረሃቡ፣ አባቴ ስለ ንዳዱ ይተርካል። ጋሼ ተሰማ ብቻ ብርሌውን ያሽከረክራል። በመጨረሻ እትዬ ብርቄ፣ «አንተስ ተሰማ፣ በዚያ ሁሉ ዘመን የከበደህ ምንድን ነው?» አሉት።

ጋሼ ተሰማ ብርሌውን አየው፣ እሳቸውን አያቸው፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«እትዬ ብርቄ» አለ፣ «ጥይቱንም ረሃቡንም ተዪው። ያቺን የመጨረሻዋን ጉንጭ ግን ለአገሬ ብዬ ነው የተፋኋት።»