የማቀዝቀዣው ባለአደራ

ቤተ ሙከራ ያለ ቋጣሪ አይቆምም። ማይክሮስኮፑ ቢበላሽ እንደምንም ዓመቱን ይገፋል፤ የማቀዝቀዣውን ቁልፍ ኪሱ ከትቶ የሚዞር ሰው ከሌለው ግን ሳምንት አያድርም። አንዲት የድኅረ ምረቃ ተማሪ የገባችበት ቤተ ሙከራ የቋጣሪዎች ሁሉ አለቃ ነበረው። ሁሉም "ክቡር ባለአደራ" ይሏቸዋል፤ እሳቸውም ስሙን እንደ ሹመት ተቀብለውታል።

የሚጠብቁት አንዲት ብልቃጥ ፀረ እንግዳ አካል ነው። ከዘረመሎቻችን መሀል ከቦታ ቦታ ሲዘል የኖረ፣ ኋላ ግን አደብ ገዝቶ ለሴሉ ፕሮቲን የሚሠራ ቁራጭ አለ። ያንን ፕሮቲን ከሺዎች ለይቶ፣ ናሙናዎች ጎን ለጎን በሚደረደሩበት ወረቀት ላይ በጥቁር መስመር በትክክል የሚያሳየው ይህ ፈሳሽ ነው። አምራቹ መሥራት ካቆመ ቆይቷል።

የቤተ ሙከራው ፕሮፌሰር ራሳቸው ጠብታ ቢለምኗቸው "ካለቀስ?" ብለው መልሰዋቸዋል። ክዳኑ ላይ የቀረችውን እርጥበት ሳይቀር ይለቅማሉ። መብራት የጠፋ ዕለት ብልቃጧን በበረዶ ሣጥን አቅፈው ምሳ ሳይበሉ ዋሉ፤ ባለቤታቸው ይህን ሰምታ "ለእኔ እንዲህ ሆነህ ታውቃለህ?" ማለቷ ይወራል።

ተማሪዋ ፕሮቲኑን ደም ሴል ውስጥ አግኝቻለሁ ብላ ጽፋለች። ገምጋሚዎቹ ግን በዚያ ፈሳሽ ካላሳየሽ መመረቂያ ጽሑፍሽን አንቀበልም አሏት። የቀረችው ጠብታ ለአንድ ሙከራ ብቻ ትበቃለች። ሄዳ ባለአደራውን ጠየቀቻቸው።

እሳቸውም በወጣትነታቸው ፕሮቲኑ አንጎል ውስጥም አለ ብለው እንደነበር፣ ማንም እንዳላመናቸው፣ ጠብታዋንም ከአንጎሉ ናሙና ጋር ለዚያ ማረጋገጫ እንዳስቀመጧት ነገሯት።

"ውሰጂው" አሉ። "እንደኔ በመጠበቅ ዕድሜሽን አትፍጂ።"

"ጋሼ፣ ወረቀቱ ላይ ከናሙናዬ ጎን ቦታ አለ። ጠብታዋ ሁለታችንንም ታዳርሳለች። የእርስዎንም ናሙና ያምጡት።"

የማቀዝቀዣውን በር ከፍተው መልሰው ዘጉት። ተማሪዋ ያኔ ገባት፤ ሰውየው የፈሩት የፈሳሹን ማለቅ ሳይሆን እውነቱን ማወቁን ነበር። አሳዘኗት።

ናሙናዎቹ ጎን ለጎን ሆኑ። የእሷ መስመር ጥቁር ሆኖ ወጣ። የእሳቸው ቦታ ግን ባዶ ነበር።

ክቡርነታቸው መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩት።

"ምስሉን ስታትሚ ባዶውን እንዳትቆርጪው" አሉ። "እሱ ባይኖር፣ ፈሳሹ ያገኘውን ሁሉ የሚያጠቁር ነው ይሉሽ ነበር። አሁን ግን ያምኑሻል።"

ተማሪዋ አለቀሰች። ምስሉ ሳይቆረጥ፣ ስማቸውም ከስሟ ጎን ሆኖ ለገምጋሚዎቹ ተላከ።