ጤና ጣቢያችን የወደቀ ለት

ወላሂ አታምነኝም። ግን ልንገርህ፤ አለማመኑ የአንተ ፋንታ ነው። የእኛ ቀበሌ ጤና ጣቢያ ፈተና ወድቆ ሴቱ እልል አለ፣ ወንዱ አጨበጨበ። የወደቀበት ወረቀት እስካሁን በሩ ላይ ተለጥፏል። ሰው ከሮቢት ድረስ በባጃጅ እየመጣ ያየዋል ብልህ አጋነንክ ትለኛለህ። እሺ፣ አንድ ሰው መጥቷል። እሱም መንገድ ስቶ ነው።

ሌላው አገር የሚደሰተው ሲያልፍ አይደል? እኛ ምን ነክቶን ነው ወድቀን የተደሰትነው? ይህን የሚጠይቀኝ ሰው ካለ ተቀመጥ እለዋለሁ። ቆሞ የሚሰማ ነገር አይደለም።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ደብዳቤ ነው። ከወረዳ መጣ። ርዕሱ «የማኅበረሰብ ጤና መድን አባላት የአገልግሎት ጥራት መለኪያ፣ የእውቅና አሰጣጥና የሪፖርት አቀራረብ መመሪያን ስለማብራራት» ይላል። ርዕሱን ብቻ ከዚህ ብትዘረጋው ዋጃ ይደርሳል። ሊቀመንበራችን ግራሩ ሥር ሰብስቦን አነበበው። የቆቦን ፀሐይ ታውቃታለህ መቼም፤ ስድስት ሰዓት ላይ የገዛ ጥላህ እንኳ ሙቀቱን ፈርታ እግርህ ሥር ትገባለች። ሁለተኛው ገጽ ላይ ግማሹ ሰው አንቀላፋ። ሦስተኛው ላይ አንባቢው ራሱ አዛጋ። በመጨረሻ ወረቀቱን አጠፈና ወደ እኔ ዞረ።

«ይማም፣ አንተ እንደሆንክ ዝም አትል። ዝም ካላልክ አይቀር ይህን ለሰው አስረዳ» አለኝ።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ይህ ግን ጠቀመኝ እንጂ አልጎዳኝም። ማንበብ የሚችል ሰው ወረቀት ይፈራል፤ እኔ ምኑን እፈራዋለሁ? ሊቀመንበሩን እቤቱ ሄጄ ሦስት ጊዜ አስነበብኩት። ምራቁ ደርቆ ውሃ ጠየቀ። ከዚያ ሁሉ ገጽ ጨምቄ ያወጣሁት ነገር አንድ ስኒ አይሞላም።

በሳምንቱ ግራሩ ሥር ቆምኩና ሕዝቡን ጠየቅሁ። ቆቦ ገበያ ግመል ስትገዙ ባለቤቱን «ግመልህ ጎበዝ ነው ወይ?» ብላችሁ፣ «አዎ» ሲላችሁ ትገዛላችሁ? ሳቁብኝ። አያችሁ፣ አልኳቸው። ታስነሡታላችሁ፣ ታንበረክኩታላችሁ፣ ጭናችሁ ታስኬዱታላችሁ። ከዚያም በጀርባው ጨው ሲጭን የኖረውን አፋር ፈልጋችሁ ትጠይቃላችሁ። መመሪያው የሚለው ይህንኑ ነው። መዛኝ ከላይ ትመጣለች። ዕቃውን በዓይኗ ታያለች፣ የታከመውን ሰው በአፏ ትጠይቃለች። የጫንነው እኛ ነን፤ የምንጠየቀውም እኛ ነን።

ምስጋናው ከወደ ኋላ እጁን አወጣ። ጎረቤቴ ነው፤ ሽንኩርት በመስኖ የሚያለማ፣ በነገር ሁሉ ክፉውን ቀድሞ የሚያይ ሰው። «ጎደለ ካልን ይዘጉብንና ለራስ ምታት ቆቦ ድረስ እንሂድ?» አለ። ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀ። እኔም፣ ቤትህን የሚሠራልህ ግንበኛ ግድግዳውን ቢያጣምምብህ አቃናው ትለዋለህ እንጂ ቤቱን አፍርሰህ በረንዳ ታድራለህ ወይ አልኩት። ደንቡ ግልጽ ነው። ጎደለ የተባለው ነገር በቀይ ተጽፎ በሩ ላይ ይለጠፋል፤ የሚሟላበትም ቀን ይቆረጥለታል። ጎደለ ያልተባለው ግን እንደ ሞላ ይቆጠራል። ለሞላ ነገር ደግሞ ማን ምን ይልካል?

«ገባን» አሉ ሁሉም ባንድ አፍ።

አንዲት መስመር ብቻ ቸኩዬ አለፍኳት። የሚመዘገበው ሳይጎተጎት የተሰጠው የመጀመሪያ መልስ ነው ትላለች። ሹክ የሚል አይኑር ለማለት ነው ብዬ ዘለልኳት። እዚያች ላይ ነው የተሸወድኩት።

ለምን መሰለህ? የእኛን አገር ሰላምታ ታውቃለህ። አንድ ጊዜ ይኸው ምስጋናው ማሽላ ከወፍ ሲጠብቅ ከማማው ላይ ወደቀ። ደርሼ እንዴት ነህ አልኩት። እግዚአብሔር ይመስገን አለኝ፣ መሬት ላይ ተዘርግቶ። ከብቶቹስ? ደህና። ዝናቡስ? ደህና ነው፣ ትንሽ ዘገየ እንጂ። ልጆቹስ? ደህና፣ አንተስ? እኔም ደህና። ይህን ሁሉ ከጨረስን በኋላ፣ «እግሬ ግን ሳትሰበር አትቀርም» አለኝ። የግራ እግሩ ጣት ወደ ትግራይ፣ ተረከዙ ወደ ወልድያ ዞሯል! እኔም ብሆን መጀመሪያ ያየሁት እግሩን ነበር። ግን ሰላምታው ሳያልቅ ሰው እግር ውስጥ ይገባል?

እንዲህ ነን። እውነቱ ከሦስተኛው ጥያቄ በፊት አይወጣም። ስንት ክፉ ዘመን አልፎብን፣ ቤታችን ተዘርፎ አጥሩ ብቻ ቆሞ ሳለ እንኳ፣ እንዴት ናችሁ ያለንን ሰው ደህና ነን ብለነዋል። አንዳንዴ ሳስበው፣ ደህና ነን ማለት እዚህ አገር ወሬ አይደለም፤ ዱዓ ነው። ይሁንልን ነው። መዛኝ ስትመጣ ግን ዱዓችንን እንደ ወሬ ትመዘግበዋለች።

አሁን ስለ እታለም ዘሃራ ልንገርህ፤ ሆዴን የበላኝ የእሷ ነገር ነበርና። ታላቄ ናት፤ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችኝ። ግፊት አለባት። በቀን አንድ ኪኒን መዋጥ ነበረባት። በመድን ደብተሯ ጤና ጣቢያው ሊሰጣት የሚገባ ኪኒን ነው። ወራት አለፈ፣ የመድኃኒቱ መስኮት ጋ ስትደርስ መልሱ «የለም» ነው። ሰው ቆቦ ሲወርድ አንዳንዴ ያመጣላታል። እሷ ታዲያ እንዲበረክትላት በቢላ ለሁለት ትገምሰዋለች። ቀጥሎ ግማሹንም አንድ ቀን እየዘለለች ሆነ። ግማሾቹን በሻሿ ጫፍ ቋጥራ ትይዛቸዋለች። በእሸቱ ጊዜ ማሳ ውስጥ ዞሮባት ወደቀች። እየሮጥን ደረስን። ምን ብትለን ጥሩ ነው? «አልሃምዱሊላህ፣ ትንሽ ልረፍ ብዬ ነው።»

በስንተኛው ነው የማትነሣው? እኔ ሌሊትም ቀንም የማስበው ይህን ነበር። ቀልደኛ አያስብም ያለህ ማነው?

ስለዚህ ካሳው ዘንድ ሄድኩ። ካሳው የጤና ጣቢያው ኃላፊ ነው፤ ጤና መኮንን። ደግ ልጅ ነው፤ ሰዓቱ ካለፈም በኋላ ያክማል። ለምን አትነግራቸውም አልኩት። ነግሬ ነበር አለኝ። በየወሩ ከሚልከው ቅጽ ላይ «አለ» እና «የለም» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች አሉ። ሦስት ወር ሙሉ የለም ላይ ምልክት አደረገ። ከላይ ተደወለለት። መድኃኒት ይልኩልኛል ብሎ በደስታ አነሣው። የደወለው ሰው ግን፣ ሁሉም አረንጓዴ ሆኖ አንተ ብቻ ቀይ ሆነህ አሳጣኸን ብሎ ተቆጣው። ከዚያ ወዲህ ካሳው መላ አበጀ። አንዲት ፓኮ የግፊት ኪኒን መደርደሪያው ላይ አስቀመጠ። ጥያቄው «በመደርደሪያ ላይ አለ ወይ?» ስለሚል ይኸው አለ። ለሰው ከሰጣት ግን አትኖርም። ስለዚህ አይሰጣትም።

ይህን ሲነግረኝ ፊቱን አዞረ። ፓኮዋን ሁላችንም እናውቃታለን። ከመስኮቱ ማዶ ትታያለች። አቧራዋ በየሳምንቱ ይጠረጋል። እንደሷ የተከበረ ኪኒን በራያ ምድር የለም።

እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። እታለም ለካሳው ደህና ነኝ ትላለች። ካሳው ለወረዳው ደህና ነን ይላል። ወረዳው ለበላዩ፣ የበላዩም ለበላዩ። ሁሉም ጨዋ ነው፤ ሁሉም እንግዳ ፊት ገመናውን ይሸፍናል። ሪፖርት ማለት ለካ ወደ ላይ የሚወጣ ሰላምታ ነው! ሦስተኛውን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ብቻ ጠፋ።

የመለኪያው ቀን ደረሰ። ጤና ጣቢያው በአንድ ሳምንት ሙሽራ ሆኖ ነበር። የግቢው ድንጋይ ሁሉ ኖራ ተቀብቷል። ትንሽ ቆማ ብትቆይ የእኔ ፍየል እንኳ ነጭ ሆና ትመለስ ነበር። እጅ መታጠቢያው ላይ ውሃ አይታ የማታውቅ ሳሙና በክር ተንጠልጥላለች።

መዛኟ ሲስተር ሰላም ትባላለች። ከወደ ደጋው የመጣች፣ ቀጠን ያለች፣ ታብሌት የያዘች ልጅ ናት። ከአስተያየት መስጫው ሳጥን ጀመረች። ቁልፉ ከጠፋ ዓመታት አልፈዋል፤ በድንጋይ ተሰበረ። አንድም ወረቀት የለበትም። ተርብ ግን ቤቱን ሠርቶበታል። ወጥቶ ሊቀመንበሩን ግንባሩ ላይ ነደፈው። በዚያ ቀን ሐሳቡን ሳይፈራ የሰጠ እሱ ብቻ ነው።

ቀጥላ የመጠበቂያውን ሰዓት አየች። ካርድ ከወጣ በኋላ አምስት ደቂቃ ይላል። እውነት ነው። ካርዱ የሚወጣው ሐኪሙ ነፃ ሲሆን ነዋ! ከዚያ በፊት ግድግዳ ተደግፈህ የቆምክበት ግማሽ ቀን ሰዓት አልተጀመረለትም። መደርደሪያውን አየች። ያቺ ፓኮ አለች። «አለ» ብላ ምልክት አደረገች። ካሳው መሬት መሬት ያያል።

ከዚያ እኛን መጠየቅ ጀመረች። እኔን ግን፣ አስረጂ ስለነበርክ ትጎተጉታለህ ብላ አሥር እርምጃ አርቃ አስቀመጠችኝ። አፌን ይዤ ተቀመጥኩ። እንዲህ ያለ ቅጣት ጠላትህ አይቅመሰው።

ምስጋናው ተጠራ። ያኔ እግርዎ ሲሰበር ቶሎ ታክመዋል ወይ አለችው። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ወዲያው ነው» አላት። የምሥራች! ያን ቀን ከብት ሲሰማራ ተሸክሜው መጥቼ፣ ጀሶ የታሰረለት ከብት ሲገባ ነው። አንካሳ እግሩን እየጎተተ፣ አረንጓዴ አስመዝግቦ ሄደ። ሁሉም እንዲሁ። እጄን ባወዛውዝ ሊቀመንበሩ ያበጠ ግንባሩን ይቋጥርብኛል።

የእታለም ተራ ደረሰ። የታዘዘልዎትን መድኃኒት ያገኛሉ ወይ እማማ አለቻት። እታለምም ሻሿን አስተካክላ፣ ያቺ የተቋጠረች ጫፍ እየተወዛወዘች፣ «አልሃምዱሊላህ ልጄ፣ ምን ጎድሎብን» አለች።

አለቀ። አረንጓዴ። ሞልቷል ተባለ። የሞላውን ደግሞ ማንም አይሞላም ብዬ ራሴ ነኝ ያስተማርኩት።

ግን ኔትወርክ የለም! በሕይወቴ ኔትወርክ ስለጠፋ ያመሰገንኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ታብሌቱ ሪፖርቱን ይዞ አልልክም አለ፤ ያልተላከ ደግሞ ይታረማል። ሲስተር ሰላም ግራሩ ሥር ቁጭ ብላ መጠበቅ ያዘች። ሰው ተበተነ። እታለም ግን አልሄደችም። እንግዳ ብቻውን ተቀምጦ ጥሎ መሄድ ነውር ነዋ። ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች። እኔም ክልከላው አብቅቷል ብዬ ጠጋ አልኩ። ካሳውም ነጭ ጋወኑን እንደለበሰ ከኋላ ቆመ።

«እንዴት ነሽ ልጄ?» አለች እታለም።

«ደህና ነኝ እማማ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ቤተሰብ እንዴት ነው? አገሩ ደህና?»

«ሁሉም ደህና ናቸው።»

እታለም እጇን ያዘቻት። «እናትሽስ?» አለች። «እውነት እናትሽ ደህና ናት?»

የልጅቷ ዓይኗ ሞላ። እናቷ ብቻዋን እንደሆነች ነገረቻት። ግፊት እንዳለባት። እዚያም ኪኒኑ ከጠፋ መሰንበቱን። እሷ የሰው መደርደሪያ ስትለካ እየዋለች የእናቷን ሳታይ ወራት እንዳለፋት። ያ ሁሉ መመሪያ፣ ያ ሁሉ ታብሌት ያላወጣውን እውነት ታላቄ በሦስት ሰላምታ አወጣችው። ያውም ከለኪዋ!

እታለም የሻሿን ጫፍ ፈታች። አራት ግማሽ ኪኒን ነበር። ሁሉንም በልጅቷ መዳፍ ላይ አኖረችና፣ «እንኪ፣ ለእናትሽ ላኪላት። እኔ አልሃምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» አለቻት።

ሲስተር ሰላም መዳፏን አየች። እታለምን አየች። እንደገና መዳፏን አየች።

«እማማ፣ ይሄ ለምን ተገመሰ?» አለች። «ሙሉው የት አለ?»

እታለም ልማዷ ነውና «አልሃምዱሊላህ ልጄ...» ብላ ልትጀምር ነበር። ካሳው ግን አላስጨረሳትም። ያ ዝምተኛ ልጅ፣ ግንባሩ በላብ ርሶ፣ ቀበሌው ሁሉ እስኪሰማ ጮኸ፦

«ሙሉውማ መደርደሪያው ላይ ነው፤ ሪፖርት እየጠበቀ!»